ገለባውን የሚነካ እጅ

ጆሃንስበርግ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ወርቂቱ፣

የጌታ ሰላም ለአንቺ፣ ለባልሽ ለደግነትና ለልጅሽ ለቤቴል ይብዛላችሁ። የወናጎ ዝናብ እንዴት ይዟችኋል? የጓሮው እንሰትስ? ስለ እኔ ከጠየቅሽ በሕይወት አለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነው።

ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ስለምንጯጯህ "ወረቀት ላይ ጻፈውና ፎቶ አንስተህ ላከው፣ ጽፈህ እስክትጨርስ ንዴትህ ይበርዳል" ብለሽኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሐሙስ ዕለት ደበበ ሱቄ ድረስ መጣ። ከገደብ የመጣው ደበበ፣ እዚህ ብርድ ልብስ በዱቤ እያዞረ የሚሸጠው። የ"ፍም" ማገዶ ፋብሪካን አክሲዮን እንዲገዛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ያለው የአገራችን ልጅ ሁሉ የገዛው በእኔ ቃል ነው። "ከቡና ገለባ ፔሌት የሚባል የታመቀ ማገዶ ሊሠራ ነው፣ ፋብሪካው ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ የእህቴ ባልም እዚያው ይሠራል" እያልኩ ስንቱን አሳመንኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ደበበ "ማሽኑ የታለ?" አለኝ። "ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል ተብሏል" አልኩት። "አምናም ሞጆ ነበር" አለና ከመደርደሪያው የወተት ጣሳ አንስቶ ፊቴ ላይ ሰነዘረው። ወደቅኩ። ወድቄም ረገጠኝ። እኔም ዝም አላልኩም፣ የበሩን መወርወሪያ ብረት ነቅዬ ጉልበቱን አልኩት። አሁን እሱ ያነክሳል፣ የእኔ አንድ ዓይን ተደፍኗል። እሑድ እሑድ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንዘምር ሰዎች ነን።

ከዲላ የሰማሁት ደግሞ ከዱላው ይብሳል። ገለባው በገልባጭ መኪና እየተጫነ ከግቢ ይወጣል አሉ። በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። ሥራ አስኪያጁ ኃይለኢየሱስ እየሸጠው ነው ማለት ነው። ማሽን የለም፣ ገለባውም ካለቀ የእኛ አክሲዮን ምንድን ነው? አጥር! ደግነት እዚያ ውሎ እየገባ ይህን አያይም?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የጆሲ ነገር ነው። ታናሻችን ባጃጁን ሸጦ አክሲዮን የገዛው እኔን አምኖ ነው። "ፋብሪካው ሲጀምር የገለባ መኪና ትነዳለህ" ብዬው ነበር። ይኸው የሰው ባጃጅ እየነዳ የሰው ስድብ ይጠጣል። እንግዲህ በሩ ላይ ይቁም በዪው። የራሱን ንብረት ይጠብቅ።

ወንድምሽ ሲላስ


ወናጎ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣

ጌታ ዓይንህን በእጁ ይዳስስልህ። ዝናቡ ደህና ነው፣ እንሰቱም ደህና ነው፣ ደህና ያልሆነው ያንተ ጭንቅላት ብቻ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው አብሮት የሚዘምረውን ሰው ጉልበት በብረት ይላል? እናታችን ይህን ሳትሰማ መሞቷ ተመስገን ነው።

ስለ ገለባው የነገሩህ ግማሹ እውነት ነው። በመኪና ይወጣል። የሚወጣው ግን ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ፀሐይወርቅ ወደምትባለው ሴት ሜዳ ነው። እዚያ ፀሐይ ላይ ተበትኖ ይናፈስና ተመልሶ ይገባል። የደግነት ሥራ ይኸው ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። መጋዘኑ እስከ ዛሬ ጣራ አልለበሰም፣ ገለባው ዝናብ ይጠጣል። እርጥብ ሆኖ ተከምሮ ዝም ከተባለ ውስጡ ይግላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለጌዴኦ ልጅ አላስተምርም። የአባባ እሸት ቡና ተከምሮ ሲያድር እጅህን እስከ ክርንህ ከትተህ ስትሞቅ የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ? "እትዬ ነይ፣ ውስጡ እሳት አለ" ትለኝ ነበር።

ኃይለኢየሱስን እኔም አላምነውም። ስለ ማሽኑ በጠየቅነው ቁጥር አንዴ ዶላር፣ አንዴ ጉምሩክ፣ አንዴ ትራንስፎርመር ይላል። ሌባ ይሁን ሰነፍ አላወቅነውም። ግን ሰኞ ዕለት ያየሁትን ልንገርህ። ባለአክሲዮኖቹ መንገድ ላይ መኪናውን አስቁመው መስታወቱን በድንጋይ አደቀቁት። ሚስቱ ከጎኑ ነበረች። ግንባሯ ተከፍቶ ደሙ ነጠላዋን አልብሶታል፣ እሷ ግን ከደሙ ይልቅ ልጇን ፍለጋ የመኪናውን ወለል በእጇ ትዳስስ ነበር። ልጇ አብሯት አልነበረም፣ ትምህርት ቤት ነው። ድንጋጤው ነው። እኔ ቆጮ ሸጬ ስመለስ ደርሼ በመቀነቴ አሰርኩላት።

ከወርዋሪዎቹ አንዱ ጆሲ ነው። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው ጆሲ! ስለዚህ "በሩ ላይ ይቁም" የምትለውን ተው። ከአንተ ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ልብስም አልጠየቅኩም። ለጆሲ አንድ የሚያበርድ ቃል ጻፍለት። ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል።

እህትህ ወርቂቱ


ጆሃንስበርግ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

ጸጋና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። እኔ ዘንድ ሰላም የሚባል ነገር የለም።

ስለ ገለባው መናፈስ የጻፍሽውን ለእነ ደበበ አነበብኩላቸው። ሳቁብኝ። "ድሮስ ሌባ ገለባ ሲያወጣ ሊያናፍሰው አይደል!" አለ ደበበ። እኔም ሳስበው ሳቄ መጣ። ደግነት ደግ ሰው ነው፣ ኃይለኢየሱስ የነገረውን ያምናል። አንቺ ደግሞ ደግነት የነገረሽን ታምኛለሽ።

ማክሰኞ ሱቄን ሰበሩት። የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ዱቤ የምሰጣቸው። ወልደዮሐንስን፣ አብሮኝ የሚሠራውን የአሪቻ ቀበሌ ልጅ፣ ሆዱን በጥይት መቱት። ደሙ በስኳሩ ጆንያ ላይ ፈሶ ስኳሩ ቀይ ጭቃ ሆነ። ክንዴ ላይ ነው የሞተው። ሲያጣጥር "በር ዝጋ፣ በር ዝጋ" ይለኝ ነበር። አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ስንሰበሰብ ደበበ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የወልደዮሐንስስ አክሲዮን ለማን ነው?" ጉሮሮውን ያዝኩት። ስድስት ሰው ነው ያላቀቀን። እዚህ ሰው የሚሰማው ሲመታ ብቻ ነው፣ እኔም ተምሬያለሁ።

የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ቅዳሜ ነው አሉ። ለብቻው የጻፍኩትን ይህን ገጽ አንብቢልኝ።

"የተከበራችሁ ባለአክሲዮኖች፣ እኔ ሲላስ በደቡብ አፍሪካ ያሉትን ሁሉ ወክዬ የምላችሁ ይህ ነው። የፋብሪካው ግቢ ይቆለፍ። ማሽኑ ገብቶ እስኪተከል ድረስ አንድ እፍኝ ገለባ እንዳይነቃነቅ። በሩን ወንድሜ ጆሲ ከጓደኞቹ ጋር ይጠብቅ። ገለባውን የሚነካ እጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይሰበር።"

አላነብም ካልሽ ለጆሲ እልክለታለሁ። አትቀየሚኝ። ወልደዮሐንስን ያጠብኩበት ሳሙና ሽታ ከእጄ አልለቀቀም።

ሲላስ


ወናጎ
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲላስ፣

ለወልደዮሐንስ ነፍስ ጌታ ይራራ። አሪቻ ቤተሰቡ ዘንድ ሄጄ አልቅሻለሁ። እናቱ ሁለት ሰው ደግፏት ነው የቆመችው።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ገጽህን አላነበብኩትም፣ ጆሲ ነው ያነበበው። ተጨበጨበልህ። ግቢው ከዚያች ቀን ጀምሮ ተቆልፏል። ኃይለኢየሱስ ሐዋሳ ገብቷል፣ ስልኩንም አያነሳም።

ደግነት አሞታል። ከክምሩ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ክርኑ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አልሆነም። ዲላ ሆስፒታል ጀሶ አደረጉለት፣ ሐኪሙ ግን እንደ ድሮው አይዘረጋም አለ። ሕመሙ አያስተኛውም። ምንም አልጠይቅህም ብዬ ነበር፣ አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። እዚያ ያለችው የአገራችን ልጅ ፍሬ ለገና ስለምትመጣ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ስጣት።

ሌላም እጠይቅሃለሁ፣ ይኼኛው ከመድኃኒቱ ይበልጣል። አንድ ገጽ ጻፍልኝ። "ግቢው ይከፈት፣ ገለባው ይናፈስ" በል። ያንተን ቃል ነው የሚሰሙት። ክምሩ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ጉም ነው ይላሉ። ጉም ከመሬት ውስጥ ይወጣል እንዴ? ደግነት በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ይመለሳል፣ ቤት ገብቶም ምግብ አይበላም። እኔ ሄጄ ለጆሲ ነገርኩት። "ሲላስ ይበለኝ" ነው ያለኝ። ዓይኔን አያየኝም።

አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ወንድሜ።

ወርቂቱ


ጆሃንስበርግ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቂቱ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ ብለሽ ጎረቤቶችሽን ሰላም በዪልኝ። መድኃኒቱ ደርሶሻል ብዬ አምናለሁ። ለደግነት ምሕረት ያውርድለት። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ግቢው ተቆልፎ ሳለ ክምሩ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠይቀው።

ገጹን አልጻፍኩልሽም። እውነቱን ልንገርሽ። ግቢው ከተቆለፈ ወዲህ እዚህ ሰው ሆኛለሁ። ደበበ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቆኛል። "ሲላስ ቆራጥ ነው" እያሉኝ ነው። አሁን ተነስቼ "ክፈቱት" ብል የሚቀጥለው ጣሳ የሚያርፈው ጥርሴ ላይ ነው። ከዚያም አልፎ ጥይት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ታገሱ፣ ማሽኑ በዚህ ወር ከሞጆ ይነሳል ብለዋል።

ጆሲ ፎቶ ልኮልኛል። ከክምሩ አናት ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ሰው ሆኗል! ኮራሁበት። በፍሬ እጅ ጃኬት ልኬለታለሁ፣ ዝናብ የማያስገባ ነው። ይልበሰው፣ አታስቀምጪበት።

ሲላስ


ጆሃንስበርግ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወርቂቱ፣

ሰላምታ የለኝም። የጆሲን መሞት የነገረኝ ደበበ ነው። ከእህቴ አፍ አይደለም የሰማሁት፣ ከደበበ ነው!

እንዴት እንደሞተም ነግሮኛል። ደግነት እጁን ይዞት ነበር አሉ፣ ይዞት ቆይቶ ለቀቀው። መቶ ሰው ቆሞ እያየ እሳት ውስጥ ለቀቀው። ቂም ነበረው ይላሉ። ምን ቂም? ጆሲ ምን አድርጎታል? ሕፃን ሳለ ደግነት በትከሻው የተሸከመውን ልጅ!

ስሚኝ። ደግነት ዛሬውኑ ከቤትሽ ይውጣ። ካልወጣ የሚያወጡት አሉ። ዲላ ሰው አለኝ፣ የማይጠይቁ የማይመልሱ ሰዎች ናቸው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት። ጆሲ እንደተቃጠለ ጎጆው ይቃጠላል፣ እሱም ውስጡ ይኖራል። አንቺና ቤቴል ቀድማችሁ ውጡ። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ ብዬ አላውቅም ነበር። ወንድሜን ግን በጭስ መልሰውልኛል።

መልስሽን እስከ አርብ እጠብቃለሁ።

ሲላስ


ወናጎ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣

ጌታ ያጽናህ። እኔንም ያጽናኝ።

ቤታችንን ለማቃጠል ሰው አትላክ። ብትልክም በር አልዘጋም። መጀመሪያ ግን ይህን አንብብ። እስከ ዛሬ የደበቅኩህ ደግነት ስለለመነኝ ነው። "ወንድማማቾቹ እንዳይጣሉ፣ ወድቆ ነው ብለሽ ጻፊ" አለኝ። እኔም ጻፍኩ። ደግነት አልወደቀም።

ያን ቅዳሜ እዚያው ፋብሪካው ግቢ ጆሲ ገጽህን አንብቦ ከተጨበጨበ በኋላ፣ ደግነት መንሹን አንስቶ ወደ ክምሩ ሄደ። እጁን ከትቶ ሲያወጣ ቀልቶ ነበር። "ዛሬ ካልተገለበጠ አይቆይም" ብሎ መዛቅ ጀመረ። ጆሲ መጀመሪያ ለመነው። "ጋሼ፣ ተው በእናትህ፣ ሰው እያየ ነው" አለው። ደግነት አልተወም። ከኋላ የቆሙት መጮህ ጀመሩ። "ደብዳቤው ለዘመድ አይሠራም እንዴ? ለድሃ ብቻ ነው?" አሉት። ጆሲ ዞር ብሎ አያቸው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ ዱላውን አነሳ። ሁለት ጊዜ ነው የመታው። በመጀመሪያው መንሹ ወደቀ፣ ሁለተኛውን ለምን እንደጨመረ አላውቅም። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ምጣድ ላይ ባቄላ ሲፈነዳ ያስደነግጠኛል። ተጨበጨበ። ጆሲ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ክምሩን የነካ የለም። እሳቱ የወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። አንድ ጎኑ ተቀዶ ነበልባል ተፋ። ሰው ጀሪካን ይዞ ሮጠ፣ ነገር ግን ውኃው ሳይደርስ እርስ በርሱ ተናነቀ። "አንተ ነህ የለኮስከው፣ የኃይለኢየሱስ ተላላኪ" እየተባባሉ በጀሪካንና በድንጋይ ተፈነካከቱ። የአንዱ መንጋጋ ወለቀ። የአንዷ ፀጉር ከነቆዳው ተነቀለ። እሳቱን ያጠፋ አልነበረም።

ጆሲ ብቻ ውኃ ተሸክሞ ወደ አናቱ ወጣ። ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ ፍም ሆኖ ነበር። እግሩ ሥር ተደረመሰና እስከ ደረቱ ገባ። ጩኸቱን አልጽፍልህም። መቶው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ደግነት የመጋዘኑን በር መዝጊያ እንደ ድልድይ ክምሩ ላይ ጥሎ በሆዱ እየተሳበ ሄደ፣ የተሰበረ እጁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ። በግራ እጁ የጆሲን ክንድ ያዘ። ጎተተው፣ እስከ ወገቡም አወጣው። ከዚያ በላይ ግን በአንድ እጅ አልሆነም። ጆሲ "ጋሼ፣ ሌላኛውን እጅህን ስጠኝ" አለው። እንዲህ ብሎ ቀና ሲል አንገቱ ላይ የታሰረውን እጅ አየ። ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ደግነት አልለቀቀውም። ክንዱን የያዘው በጃኬቱ ላይ ነበር፣ ባንተ ጃኬት። እሳቱ ሲይዘው ቀለጠና እጅጌው ተገፎ ወጣ። ጆሲ ወደ ውስጥ ገባ። ደግነትን ስንጎትተው እጅጌው መዳፉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሐኪሞቹ ከነቆዳው ነው የላጡት። ጆሲን ቀበርነው፣ ያገኘነውን ማለቴ ነው። ሳጥኑ ለልጅ የሚሠራው ዓይነት ነው።

ሽማግሌዎቹ ለዳኝነት ሶንጎ ተቀመጡ። "ለቀቀው" ያሉት ሁሉ ቀርበው ተጠየቁ። ደግነት ፋሻው ተፈቶ እጁን ዘረጋ፣ የጃኬቱ ቀለም ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ቃሉን የደገመ አንድም ሰው አልነበረም። የሶንጎው አዛውንት እንዲህ አሉ። "እጅ የሰበረው ሞቷል። ያጨበጨቡት እዚህ ተቀምጠው እያለቀሱ ነው። እጅ ይሰበር ያለው ግን አልመጣም።" ጉዳዩ እስክትመጣ ድረስ አይዘጋም። ማሽኑ ዛሬም ሞጆ ነው።

ያዘዝካቸውን ሰዎች መልስ። ተሳፍረህ አንተው ራስህ ና። ሶንጎው ፊት ከመቅረብህ በፊት እንደ ወጉ ቤት ገብተህ ደግነትን ትጨብጠዋለህ። "ይምጣ፣ ቂም የለኝም" ብሏል። በየትኛው እጁ እንደሚጨብጥህ ግን እንጃ።

እህትህ ወርቂቱ